ኩላሊት አይታጠብም

ያዮ ሲባል መጀመሪያ ምን ትዝ ይላችኋል? ቡና ወዳድ ከሆናችሁ ጫካ ውስጥ ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚበቅለው ቡና ነው የሚታወሳችሁ፤ የያዮ የቡና ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዜና የምትከታተሉ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካው ነው። በበደሌና በመቱ መካከል በምትገኘው በዚህች የኢሉባቦር ወረዳ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ የሚያመርት ትልቅ የማዳበሪያ ፋብሪካ ሊቆም ታስቦ ብዙ ገንዘብ ወጣበት፤ ግን ሳያልቅ ቆመ።

ስለ ፋብሪካው ብዙ ተብሏል፤ የዛሬው ጉዳዬ ግን እሱ አይደለም፤ ዩሪያው ነው። ገበሬው በከረጢት የሚገዛው ነጭ ፍሬ ስሙን ያገኘው ከሽንት ነው። መጀመሪያ የተገኘውም ሽንት ውስጥ ነበር፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ቮለር በ1828 እ.ኤ.አ. በቤተ ሙከራ እስኪሠራው ድረስ ሕይወት ካለው ነገር ውጭ ሊሠራ ይችላል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። ፋብሪካ ዩሪያ ለመሥራት አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድን 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀትና ከተለመደው የአየር ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት ማዋሃድ አለበት። የእናንተ ጉበት ግን ይህንኑ ንጥረ ነገር በ37 ዲግሪ፣ ያለ ጭስና ያለ ጫጫታ ይሠራዋል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም የሚሆን ዩሪያ በሽንቱ ያስወጣል።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ዩሪያ ቆሻሻ ነው?

ለበቆሎ ማሳ ምግብ ነው። ደም ውስጥ ሲከማች የችግር ምልክት ነው። ኩላሊት ደግሞ ከሚደርሰው ዩሪያ ግማሽ ያህሉን መልሶ ይወስደዋል፤ ሽንትን አወፍሮ ውሃ ለመቆጠብ ይጠቀምበታል። እንግዲህ «ቆሻሻ» የሚባለው ነገር በራሱ ቆሻሻ አይደለም። ቆሻሻ የሚያደርገው ቦታውና መጠኑ ነው። ይህቺን ሐሳብ ያዙልኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክር በሙሉ የቆመው እሷ ላይ ነው።

ክርክሩ ከሁለት ቃላት ጋር ነው። አንደኛው «ኩላሊት የደም ማጣሪያ ነው» ስንል የምንጠቀምበት «ማጣሪያ» ነው። ሁለተኛው ዲያሊሲስ ለሚባለው ሕክምና የሰጠነው «የኩላሊት እጥበት» ነው። ሁለቱም ኩላሊትን ቆሻሻ የሚይዝ ወንፊት አድርገው ያሳዩናል። የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ውሎዬ ከማጣሪያና ከወንፊት ጋር ነው፤ ስለዚህ ምሳሌው ለእኔ ሙያ የሚያደላ ነው። ግን ልክ አይደለም፤ ልክ አለመሆኑ ደግሞ ሰው ይጎዳል።

«ማጣሪያ»፦ ግማሽ እውነት

ቃሉ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ኔፍሮን የሚባሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን የሥራ ክፍሎች አሉ። የኔፍሮን መነሻ ግሎሜሩለስ የሚባል የቀጫጭን ደም ሥሮች ጥቅልል ነው፤ እሱ በእርግጥም ወንፊት ነው። የደም ሕዋሳትንና ትልልቅ ፕሮቲኖችን ያስቀራል፤ ውሃውን፣ ጨውን፣ ስኳሩን፣ ዩሪያውን ግን አንድ ላይ ያሳልፋል።

አሁን መጠኑን እዩት። በዚህ ወንፊት በቀን የሚያልፈው ፈሳሽ 180 ሊትር ያህል ነው። ቢጫዋን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቡ፤ ዘጠኝ ጀሪካን! በሰውነታችሁ ያለው ፕላዝማ፣ ማለትም የደም ፈሳሽ ክፍል፣ 3 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ያው ፈሳሽ በቀን 60 ጊዜ ያህል ይመላለሳል ማለት ነው። ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። ሌላው የት ገባ? ወደ ደም ተመለሰ። ከ100 ሊትር 99ኙ ማለት ነው።

የኩላሊት ዋና ሥራ ያለው እዚህ መመለሱ ላይ ነው፤ «ማጣሪያ» የሚለው ቃል የሚደብቀውም ይህንኑ ነው። የባዮሎጂ መጽሐፍ ሁለቱንም ደረጃ ያስተምራል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ጭንቅላታችን ውስጥ የሚቀረው ወንፊቱ ብቻ ነው።

የተሻለ ምሳሌ ከፈለጋችሁ ከቡናው አገር ልዋስ። ቡና ከመቆላቱ በፊት ሰፌድ ላይ ይለቀማል። የተለመደው አለቃቀም መጥፎውን ፍሬ እያወጡ መጣል ነው። ኩላሊት የሚለቅመው በተቃራኒው ነው። ጆንያውን በሙሉ ደጅ ላይ ይዘረግፈዋል፤ ከዚያ ጥሩ ጥሩውን እየለቀመ ወደ ቤት ይመልሳል፤ ያልተነሳው እዚያው ደጅ ይቀራል።

መሐንዲስ ይህን ሲያይ መጀመሪያ «ምን ዓይነት ብክነት ነው!» ነው የሚለው። ዘጠኝ ጀሪካን አውጥቶ ዘጠኙን ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው መመለስ ጉልበት ይፈጃል። ሁለቱ ኩላሊቶች ከሰውነት ክብደት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ልብ ከሚረጨው ደም ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ እነሱ ይሄዳል። ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? መጥፎውን እየለቀመ የሚጥል ሥርዓት እያንዳንዱን መጥፎ ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ጥሩውን የሚመልስ ግን የራሱን ንብረት ካወቀ ይበቃዋል። ሰውነታችሁ አይቶት የማያውቅ ኬሚካል በወንፊቱ ቢያልፍ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ስለማይኖር ደጅ ቀረ ማለት ነው። ኔፍሮን ከዚህ በተጨማሪ አንዳንድ መድኃኒቶችንና አሲድን ከደም እየገፋ የሚያስወጣበት መንገድም አለው።

ሌላም አለ። የሚመለሰው መጠን በየሰዓቱ ይቀያየራል። ትናንት ማታ ጨው የበዛበት ወጥ ከበላችሁ ኩላሊታችሁ የሚመልሰውን ጨው ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ ውላችሁ ከጠማችሁ የሚመልሰውን ውሃ ይጨምራል፤ ሽንታችሁ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ወንፊት እንዲህ አያደርግም። ኩላሊትን ከአንድ ሠራተኛ ጋር ማመሳሰል ካለብን ከሂሳብ ያዥ ጋር ነው፤ ገቢና ወጪን አስተያይቶ ሚዛኑን የሚጠብቅ።

የተሳሳተ ምስል፣ የተሳሳተ ውሳኔ

«ምሳሌ ነው እኮ፣ ምን ያካብደዋል?» ትሉኝ ይሆናል። ከወንፊቱ ምስል የሚወለዱትን ሦስት አባባሎች እንያቸው።

የመጀመሪያው «ሽንቴ ይወርዳል፤ ስለዚህ ኩላሊቴ ደህና ነው» የሚለው ነው። ወንፊት ከሆነ ልክ ነው፤ ካልተደፈነ ይሠራል። ሂሳብ ያዥ ከሆነ ግን ልክ አይደለም። እየደከመ ያለ ኩላሊት ሽንትን ማወፈር ስለሚያቅተው በርከት ያለ ቀጭን ሽንት ሊያወጣ ይችላል፤ ሌሊት ደጋግሞ መነሳትም ይመጣል። ሽንቱ ይወርዳል፤ መውጣት የነበረበት ነገር ግን ደም ውስጥ ቀርቷል።

ሁለተኛው «ኩላሊቴን ብርድ መታኝ» ነው። ወገቡን ያመመው ሁሉ ኩላሊቱን ይጠረጥራል፤ ያላመመው ደግሞ ኩላሊቱን ይረሳል። ጠጠር በእርግጥ ያማል፤ ክፉኛ ያማል። ወደ ኩላሊት የወጣ ኢንፌክሽንም ትኩሳትና የጎን ሕመም ያመጣል፤ የዚህ መነሻው ግን ብርድ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒት ይፈልጋል። ቀስ በቀስ የሚሄደው የኩላሊት ድክመት ግን ብዙውን ጊዜ ምንም አያምም። በደም ምርመራ የምናየው ክሬቲኒን የሚባል ምልክት ራሱ በግልጽ ከፍ የሚለው ከኩላሊት አቅም ግማሽ ያህሉ ከሄደ በኋላ ሊሆን ይችላል። ዋነኞቹ መንስኤዎች ደግሞ ስኳር በሽታና ደም ግፊት ናቸው። የሚያሳዝነው፣ ወገቡን «ኩላሊቴ ነው» ብሎ ለሳምንታት እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚወስድ ሰው ደህና የነበረውን ኩላሊት ሊጎዳ መቻሉ ነው።

ሦስተኛው «ውሃ ጠጣበት፣ ይታጠባል» ነው፤ አንዳንዴም «ቢራ ኩላሊት ያጥባል»። ጠጠር ለሚፈጥርበት ሰው ብዙ ውሃ መጠጣት እውነተኛ የሕክምና ምክር ነው፤ ሽንቱ ስለሚቀጥን ጠጠር የሚሠሩት ጨዎች በቀላሉ አይረጉም። ቢራ የሚያሸናው ግን ስላጠበ አይደለም። አልኮል አእምሮ ወደ ኩላሊት የሚልከውን «ውሃ መልስ» የሚል መልእክት ያፍነዋል። ደጅ የተዘረገፈው ውሃ ሳይለቀም ቀረ እንጂ የጸዳ ነገር የለም። በደከመ ኩላሊት ላይ ደግሞ ያለ ልክ ውሃ መጠጣት አደገኛ ነው፤ መውጫ ያጣው ውሃ እግር ላይ፣ ከዚያም ሳንባ ላይ ይተኛል።

«እጥበት»፦ የማይታጠበውን ማጠብ

አሁን ወደ ከባዱ ቃል እንምጣ። በአገራችን የሬዲዮ ዜና፣ የሆስፒታል ማስታወቂያ፣ የበጎ አድራጎት ማኅበር ስም ሳይቀር «የኩላሊት እጥበት» ነው የሚለው። ታካሚዎችም «በሳምንት ሦስቴ እታጠባለሁ» ይላሉ። ቃሉ የእኛ ብቻ አይደለም። አረብኛውም ቃል በቃል «የኩላሊቶች እጥበት» ነው፤ ኢሉባቦር ውስጥ በአፋን ኦሮሞ «ዺቀና ከሌ» ሲባልም ትርጉሙ ያው ነው። «ዲያሊሲስ» ግን ከግሪክ የመጣ ሲሆን መለያየት ማለት ነው፤ በ1861 እ.ኤ.አ. ለኬሚስትሪ ያዋለው ስኮትላንዳዊው ቶማስ ግራሃም ነበር። እሱ የሚያወራው ስለ ኩላሊት ሳይሆን ስስ ሽፋን አልፈው ስለሚለያዩ ንጥረ ነገሮች ነው።

ማሽኑ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ ኩላሊትን አይነካም። ደም ከክንድ ይወጣና ጸጉር በሚያካክሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል። ከቱቦዎቹ ውጭ በተቃራኒ አቅጣጫ የተመጠነ ፈሳሽ ይፈስሳል። ዩሪያና ፖታሲየም ከበዙበት ደም ወዳነሱበት ፈሳሽ ይሻገራሉ። ፈሳሹ ንጹሕ ውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሶዲየሙም ጠቃሚ ጨዎቹም አብረው ይሄዱ ነበር፤ ስለዚህ ጨዎቹ አስቀድመው ተለክተው ይገቡበታል። አያችሁ? እዚህም ሥራው ማጽዳት ሳይሆን ማመጣጠን ነው። በአንድ የ4 ሰዓት ሕክምና 120 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ስለሚያስፈልግ፣ ልዩ የውሃ ማጣሪያና የማይቆራረጥ መብራት የግድ ነው። በየወረዳው ማሽን ማስቀመጥ ቀላል ያልሆነውም በከፊል ለዚህ ነው።

«እጥበት» ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የታጠበ ነገር ይጸዳል፤ ከጸዳ በኋላ ይሠራል። ልብስ ይታጠባል፣ መኪና ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህን ቃል የሰማ ሰው «ስንት ጊዜ ብታጠብ ይበቃኛል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄውን የፈጠረው ቃሉ ነው። ዘላቂ የኩላሊት መድከም ላለበት ሰው መልሱ መራራ ነው፦ ማሽኑ ኩላሊቱን አያድነውም፤ እስከ ንቅለ ተከላ ወይም እስከ ዕድሜ ልክ በእሱ ቦታ ይሠራል። ያውም በከፊል። በሳምንት 168 ሰዓት አለ፤ ጤነኛ ኩላሊት ሁሉንም ይሠራል። በሳምንት ሦስቴ፣ አራት አራት ሰዓት የሚታከም ሰው የሚያገኘው 12 ሰዓት ነው። ማሽኑ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት የሚያዘውን ሆርሞን አይሠራም፤ አጥንት የሚጠብቀውን ቫይታሚን ዲ ወደሚሠራው መልኩ አይቀይርም። ብዙ ታካሚዎች ደም ማነስ የሚያጋጥማቸው «እጥበቱ» ደካማ ስለሆነ ሳይሆን እነዚህን ሥራዎች ማጠብ ስለማይተካቸው ነው።

ግን «ጎረቤታችን እኮ ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ዳነ!» የሚል ይኖራል፤ ሊሆንም ይችላል። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ አገሩ በጀርመን በተያዘችበት ወቅት፣ ካምፐን በምትባል ከተማ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ኩላሊት የሠራው ለቋሊማ መጠቅለያ በሚያገለግል የሴሎፌን ቱቦ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቹ አንድ በአንድ ሞቱበት። በ1945 እ.ኤ.አ. ሕይወቷ በግልጽ በማሽኑ የተረፈላት የ67 ዓመት ሴት ግን ሕመሟ ድንገተኛ የኩላሊት መድከም ነበር። ማሽኑ ጊዜ ገዛላት፤ ኩላሊቶቿ በራሳቸው አገገሙ። በከባድ ተቅማጥ፣ በወባ ወይም በወሊድ ጊዜ ደም መፍሰስ ምክንያት ድንገት የቆመ ኩላሊትም እንዲሁ ሊመለስ ይችላል። ለዓመታት በስኳርና በግፊት ያለቀ ኩላሊት ግን አይመለስም። «እጥበት» እነዚህን ሁለት የተለያዩ ታሪኮች በአንድ ስም ስለሚጠራቸው የአንዱ ተስፋ ለሌላው ይሸጣል።

ዋጋውን ማን ይከፍላል? ከያዮ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አገልግሎቱም በአብዛኛው ያለው በትልልቅ ከተሞች ነው። ዘላቂ ሕክምና የጀመረ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽኑ ስለማይርቅ መኖሪያውን መቀየር ሊኖርበት ይችላል። ቤተሰቡ ቡናውን፣ ላሙን ሸጦ የሚመጣው «ታጥቦ ይመለሳል» ብሎ ከሆነና ሐኪሙ የነገረው ሌላ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ቃሉ ቤት አፍርሷል። የእርዳታ ጥሪ የሚሰማውም እንደዚሁ ነው። «ለእጥበት» ሲባል ለአንድ ቀዶ ሕክምና እንደሚዋጣ አንዴ ያዋጣል፤ ወጪው ግን በየሳምንቱ ነው። ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በአገር ውስጥ ተጀምሯል፤ ይህም ቢሆን የቤተሰብ ለጋሽና ረጅም ዝግጅት ይፈልጋል።

ቀሪውን ሂሳብ የሚይዙት

ምስላችን ከወንፊት ወደ ሂሳብ ሲቀየር በድንገት ጎልተው የሚታዩ ባለሙያዎች አሉ፤ ነርሶች። ምህንድስና ስንጀምር ከሚያስተምሩን የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ገቢ ሲቀነስ ወጪ እኩል ይሆናል ክምችት የሚለው ቀመር ነው። በመቱ ካርል ሆስፒታልም ሆነ በሌላ ሆስፒታል ኩላሊቱ የደከመ በሽተኛ ሲተኛ ነርሷ የምትሞላው ቅጽ ያው ቀመር ነው። የጠጣው ሻይ፣ የገባለት ግሉኮስ፣ ያስታወከው፣ የሸናው ሁሉ በሚሊ ሊትር ይመዘገባል። ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ ይወጣል። በአንድ ቀን 1 ኪሎ መጨመር መወፈር አይደለም፤ 1 ሊትር ውሃ መቅረቱ ነው። አስታማሚው ይህን ካላወቀ «ትንሽ ውሃ ምን አለበት» ብሎ ነርሷ ሳታይ ብርጭቆ ያቀብላል፤ ምስኪን፣ እያጠበ መስሎታል።

ሌላውም ሥራ እንዲሁ ምክንያት አለው። ለዲያሊሲስ የደም ሥር የተገጣጠመለት ክንድ ላይ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፤ በእጅ ሲዳሰስ የሚሰማው ንዝረት ከጠፋ መስመሩ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው መናገር ያስፈልጋል። የሽንት ካቴተር የገባለት ሰው ከረጢት ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል፤ ከፍ ካለ የቆየው ሽንት ባክቴሪያ ይዞ ወደ ኋላ ይመለሳል። መስመሩ አላስፈላጊ አይከፈትም፤ ካቴተሩም አስፈላጊነቱ ሲያበቃ ቶሎ ይወጣል። «ሲስተር፣ ለምን ትቆጣናለች?» ከማለት በፊት ምን እየጠበቀች እንደሆነ ማወቅ ደግ ነው።

ታዲያ ምን እንበል?

የምጠብቀው ተቃውሞ አለ፦ ቃሉ ገብቷል፣ ሁሉም ይረዳዋል፣ «ዲያሊሲስ» ለገጠር እናት ምን ይነግራታል? እስማማለሁ፤ የባዕድ ቃል መፍትሔ አይደለም። ግን ያለንን ቃል በአንዲት ፊደል ዘር ማቃናት እንችላለን። «የኩላሊት እጥበት» ከማለት «የደም እጥበት» ብንል፣ ምን እንደሚታጠብ እውነቱን ተናገርን። ደም ደግሞ ነገ እንደገና እንደሚሞላ ማንም ይገባዋል፤ ልብስ የለበሰ ሁሉ ልብስ እንደገና እንደሚያድፍ እንደሚያውቀው። ኩላሊትን በተመለከተም «ያጣራል» በሚለው ላይ «ይመልሳል፣ ያመጣጥናል» የሚሉ ሁለት ቃላት ብንጨምር ይበቃል። የጤና አምድ የምታዘጋጁ፣ ክፍል ውስጥ የምታስረዱ፣ ለአያታችሁ የሐኪም ወረቀት የምታነቡ ሁሉ ይህን ነገ መጀመር ትችላላችሁ።

ቃል ብቻውን ማንንም አያድንም፤ ትክክለኛ ቃል ግን ትክክለኛ ጥያቄ ይወልዳል። «ስንት ጊዜ ልታጠብ?» የሚለው ሲቀር «የእኔ ኩላሊት ድክመት ድንገተኛ ነው ወይስ ዘላቂ?» የሚለው ይመጣል። «ሽንቴ ይወርዳል» ሲቀር «ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን አለ ወይ?» ይመጣል። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ትልቅ ማሽን አያስፈልግም፤ የሽንት መመርመሪያ ወረቀትና የግፊት መለኪያ ይበቃል። ቤታችሁ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ካለ፣ ወገቡ እስኪያመው አትጠብቁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮው ይህን እንዲጠይቅ ንገሩት።